ለመኪናዋ መጥረጊያ ፍለጋ

አባቴ እሸቴ በሶዶ ከተማ የመኪና መሪ ከጨበጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር። አንዱ የምለው ለጥንቃቄ ነው። እሱን ብትጠይቁት "የመጀመሪያው እኔ ነኝ" ብሎ ይምልላችሁ ነበር። ከሱ በፊት የነዱትን ሰዎች ስም ስንጠራበት "እነሱንማ መኪናዋ ነዳቻቸው እንጂ መቼ ነዷት!" ይላል። ትሑት ሰው አልነበረም። እኔም በዚህ አልወቅሰውም፤ ያን ጊዜ በወላይታ ጭቃ ላይ መኪና የነዳ ሰው ትንሽ ቢኮራ ምን አለበት?

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። መኪናዋ የአንድ የሶዶ ነጋዴ ነበረች። ቡናና ቆዳ ጭና ትወጣለች፤ ጨውና አቡጀዲ ጭና ትመለሳለች። አባቴ ግን "መኪናዬ" ነበር የሚላት። ባለቤቱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል፤ ሌላ የሚነዳለት ሰው የለማ።

የዚያን ጊዜ መኪና የፊት መስታወቱን እንደ ዛሬው በራሱ አይጠርግም። ከውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ፣ አንዲት ትንሽ እጀታ አለች። ሾፌሩ ወይም ከጎኑ የተቀመጠው ሰው እጀታዋን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሳት፣ ከውጭ ሁለት የብረት ክንዶች ጎማቸውን እያሻሹ ዝናቡን ይጠርጋሉ። እንግዲህ የአባቴ መከራ እዚህ ላይ ነው። የመጥረጊያዎቹን ጎማ ፀሐይ ጠበሰው፣ አቧራ በላው፣ ተሰነጣጥቆ እየተቆረሰ ወደቀ። የቀረው ባዶ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ መስታወት ይቧጭራል እንጂ አይጠርግም።

አባቴ ግድ አልሰጠውም። "በጋ አይደል እንዴ?" ይላል። በበጋ መሐል ዝናብ ጣል ሲያደርግ ደግሞ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። በዚህ ዓይነት ዕድሜ ልኩን በነዳ ነበር፤ እናቴን ባያያት ኖሮ።

እናቴ አሳየሽ የሻንቶ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ቦልቴ ክርስትና የተነሡ፣ ሰንበት የማያስታጉሉ ወላይታ ገበሬ ነበሩ፤ አማርኛን የለመዱት ገበያና ችሎት ሲመላለሱ ነው። አባቴ ደግሞ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነው። ሻንቶ ገበያ ላይ ቡላ ስትሸጥ አያት። ከዚያ በኋላ ቡላ ወድዶ የማያውቅ ሰው በየገበያው ቡላ መግዛት ጀመረ። ቤቱ በቡላ ሲሞላ እናቱ ነገሩ ገባቸውና "ልጄ፣ ሽማግሌ ብንልክ አይረክስልህም?" አሉት።

ሽማግሌ ተላከ። ለጋብቻ የሚለምን ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ወግ አይደለም። አባቴ ግን "እኔ የምሄደው ሾፌር ሆኜ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ፍላጎቱ ግልጽ ነው፤ በእግርና በበቅሎ የሚመጣው አማች ብዙ ስለሆነ፣ እሱ መኪናዋን እያስጮኸ ሊገባ ነው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተጫኑ። ሻንቶን አልፈው ወደ አቶ ቦልቴ መንደር ሲታጠፉ ዝናቡ ወረደ። ንፋሱ ከሱ በኩል ስለነበር ራሱን በመስኮት ማውጣት እንኳ አልቻለም። መስታወቱ ላይ የሚያየው ውሃ ብቻ ነው። ቆም ከማለት ይልቅ በግምት ነዳ።

ደጁን ሳተ። አጥሩን ጥሶ ገባና የአቶ ቦልቴ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ቆመ። ለመቆረጥ የደረሱ፣ ስንት ዓመት የተደከመባቸው እንሰቶች ከጎማው ሥር ተጋድመዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ እንደተጠመጠመ ወረዱ። በወላይታ የሰው እንሰት መጣል ቀላል ነገር አይደለም፤ እንሰት ማለት ጎተራ ነው።

አቶ ቦልቴ ከቤት ወጡ። ጓሯቸውን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ። እንግዳ ነውና አስቀድመው "ሳሮ፣ ሳሮ፣ ደህና ገባችሁ?" አሉ። ቀጥለው ግን "እኛ አገር ሽማግሌ በደጅ ይገባል። እናንተ አገር በጓሮ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ዝናቡ ነው፣ አቶ ቦልቴ" አሉ ኮባ የተጠመጠመባቸው ሽማግሌ።

"ዝናቡ አይደለም። ዝናቡ ሁልጊዜ አለች። መኪናው ነው ዓይን የላትም።"

ገብተው ተቀመጡ፤ ቆጮ በዳጣ ቀረበላቸው፤ ነገሩን አነሡ። አቶ ቦልቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ፍርዳቸውን ሰጡ። "ልጁን አልጠላሁትም። ሥራው ግን መንገድ ነው፤ መንገድ ላይ ዝናብ አለ። ዛሬ እንሰቴን ገደለች፤ ነገ ራሱን ይገድላል፤ ልጄ ባልቴት ትሆናለች። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ በዝናብ ይምጣ። እኔን ያስቀምጠኝና ይንዳ። ካየ፣ ልጄን ይውሰድ። ካላየ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይልክ።"

አባቴ ያን ቀን ሲመለስ አንድም ቃል አልተናገረም ይባላል። እሱን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ወልደመስቀል የሚባሉ ሲራራ ነጋዴ በቅሎዎቻቸውን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሊነሡ ሲሉ ደረሰባቸው። መኪናዋ ለጊዜው ወደዚያ የምትወጣበት ጉዳይ አልነበራትም።

"ጋሼ ወልደመስቀል፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፤ ለመኪናዬ ሁለት መጥረጊያ ያምጡልኝ።"

"ምን ዓይነት?"

"ጥሩውን ነዋ! አዲስ፣ ጠንካራ፣ ውሃ የማይፈራ።"

"ርዝመቱስ?"

"አንድ ክንድ። ከዚያ አይብለጥ።"

ወልደመስቀል ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ሁዳዴ ጾም ከገባ በኋላ ተመለሱ፤ የበቅሎዎቻቸውን ጭነት ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ አባቴ መጡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስረከቡት። አባቴ ፈታው። ሁለት የቤት መጥረጊያ! ጭራቸው እኩል የተከረከመ፣ እጀታቸው በቀይ ክር ያጌጠ፣ ያማረ የሣር መጥረጊያ።

"በአንድ ክንድ ልክ አጥቼ፣ ባለሙያዋን ቁጭ አድርጌ ነው ያስቆረጥኩልህ" አሉ ወልደመስቀል እየተኩራሩ። "እኔም አልኩ፣ የመኪና ውስጥ ጠባብ ነው፤ ረጅም መጥረጊያ አይዞርበትም። ምነው ዝም አልክ? አነሰ እንዴ?"

"ኧረ ልክ ነው፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ" አለ አባቴ። ሌላ ምን ይበል? ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውት መጥተዋል፤ ጥፋቱም የሳቸው አይደለም፤ መጥረጊያ ተባሉ፣ መጥረጊያ አመጡ። እናቱ አንዱን ወዲያው ወስደው ቤት ጠረጉበት፤ ሌላውን አባቴ በተስፋ መቁረጥ ሣሩን ፈትቶ ብረቱ ላይ አሰረው። ውሃ አፍስሰው ሲሞክሩት ሣሩ ውሃውን በታትኖ በታትኖ እዚያው ተወው። መስታወቱ ጭረት በጭረት ሆኖ አሁን የተጠረገ ግቢ መሰለ፤ የሚታይ ግን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ። እሸቴ መጥረጊያ ካላገኘ ሚስት አያገኝም ተባለ። ምክር በነፃ የሚሰጥ ከሆነ እንደ ሶዶ ያለ ከተማ የለም። አንዱ የበግ ለምድ ይሻላል አለው። ለምዱ ውሃውን ጠጥቶ ከበደና መስታወቱ ላይ ተኛ። ሌላው ከአሮጌ ጎማ ቁረጥ አለው። የጎማው ልባስ ወፍራም ስለሆነ መስታወቱ ላይ እየነጠረ ይሄዳል፤ ጩኸቱም የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ሰብስቦ አመጣ። አሁንም ሌላው "ረዘም አድርገው፣ ብዙ ቦታ ይደርስልሃል" አለው። ረዘም አደረገው። ሁለቱ መጥረጊያዎች መሐል ላይ እየተገናኙ እንደ ወጠጤ ይጋጩ ጀመር። ኮባ ቅጠል ሞከረ። ኮባው መስታወቱን ፏ አድርጎ ጠረገው! አባቴ ደስ ብሎት እየዘፈነ ወደ ሻንቶ ገሰገሰ። ዳገቱን ሳይጨርስ ቅጠሉ ተተልትሎ በንፋስ ሄደ፤ አንዷ ቁራጭ ብቻ እየተውለበለበች ሸኘችው።

ከሁሉ የከፋው ግን የጎረቤታችን የእሜቴ የትምወርቅ ምክር ነው። "መስታወቱን ቅቤ ቀባው። ውሃ ቅቤ ላይ መቼ ይቆማል?" አሉት።

"በሁዳዴ?" አሉ እናቱ ደንግጠው።

"የምትጾመው መኪናዋ ናት እንዴ?" አለና ቀባው።

ውሃው እውነትም አልቆመም። ግን ቅቤው በፀሐይ ቀለጠ፤ አቧራ ጠጣ፤ መስታወቱ እንደ ምድጃ ጠቆረ። ከሁሉም በላይ የመኪናዋ ስም ጠፋ፤ ባለፈች ቁጥር ሰው "ጾም ገዳፊዋ መጣች!" ይል ጀመር። የደብሩ ቄስ ሳይቀሩ በሳቅ እየተፍነከነኩ "ልጄ፣ ንስሐዋን ማን ሊቀበላት ነው?" ብለው ቀለዱበት። አባቴ ቀልድ አዋቂ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ቀልድ አላማረውም። ሳምንቶቹ እያለቁ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ለጓደኞቹ ተናግሯል፤ አሳየሽን ላጣት ነው ብሎ ፈርቶ ነበር።

ቅዳሜ ሻንቶ ገበያ ሄደ። እናቴ ቡላዋን ዘርግታ ከአክስቷ ከአገርነሽ ጋር ተቀምጣለች። ሽማግሌ የተላከባት ልጃገረድ ሊያገባት ከሚለምናት ሰው ጋር በቀጥታ አትነጋገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እሱ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ እናቴ ለአክስቷ ነበር የምታወራው።

"አክስቴ፣ ያ ሰውዬ መኪናውን ቅቤ ቀባት አሉ። ሹሩባ ሊሠራት ነው?"

አባቴም ወደ አክስቷ ዞረ። "እሜቴ አገርነሽ፣ መላው ጠፋብኝ በሏት።"

"በምን በምን ሞከረ በይው" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከቡላው ሳታነሣ።

አባቴ ሁሉንም ቆጠረ፤ ሣሩን፣ ለምዱን፣ ጎማውን፣ ኮባውን። ወደ ቅቤው ሲደርስ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ። ሳቋ ሲወጣላት እንዲህ አለች፦ "አክስቴ፣ ለሰውዬው ንገሪው። መጥረጊያ አይደለም የሚፈልገው። መጥረጊያ የደረቀ ነገር ነው የሚጠርገው። እርጥብ ነገር ይፋቃል። እኛ ኡታ ስንፍቅ በመጥረጊያ ነው እንዴ?"

ኡታ የሚሉት እንሰትን ነው። የወላይታ ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ልጥ ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። ቀርከሃው ስለት የለውም፤ ጠርዙ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ እጃቸው እኩል ሲጫነው ውሃውና ለስላሳው ሥጋ ይወርዳል፣ ቃጫው ብቻ ይቀራል።

አገርነሽ ወደ አባቴ ቀና አሉና "ሰምተሃል ወይስ ልድገምልህ?" አሉት።

ሰምቷል። ቡላ መግዛቱን እንኳ ረስቶ ሮጠ። እናቴ እስከ እርጅናዋ "ያኔ መፋቂያ ብለህ ልከህ ቢሆንማ ጋሼ ወልደመስቀል አንድ እስር የወይራ ጥርስ መፋቂያ ይዘውልህ ይመጡ ነበር" እያለች ታበሽቀዋለች፤ እሱም ይህን ቀልድ በሰማ ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል።

ሶዶ ሲመለስ የተበሳ የጎማ ከረጢት፣ ያ በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ቀጭን ላስቲክ፣ ከጓዳ አወጣ። ቀጭን ቅዳጅ ቆረጠና አጠፈው። ሁለት የቀርከሃ ስንጥር አለስልሶ ላስቲኩን መሐላቸው አስገባ፤ ጠርዙ ብቻ ወጣ እንዲል አደረገ። በቃጫ ጠፍሮ ብረቱ ላይ አሰረው። እንዳይጋጩም በሱ በኩል ያለውን ረዘም፣ በእንግዳው በኩል ያለውን አጠር አደረገው። እናቱ ከገንቦ ውሃ አፈሰሱ፤ እሱ እጀታዋን አመላለሰ። ጩኸት የለም፤ መንጠር የለም። ውሃው በአንድ ምልልስ ጥርግ ብሎ ወረደ፤ ከመስታወቱ ማዶ እናቱ ገንቦ ታቅፈው ሲስቁ ታዩት።

አሁን የቀረው ዝናብ ነበር። ስንት ቀን የረገመው ዝናብ ሲፈለግ ጠፋ! ፋሲካ አለፈ፤ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። አባቴ በየጥዋቱ ወጥቶ የዳሞትን ተራራ ሽቅብ ያያል። ዳግማይ ትንሣኤ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምሳ ላይ ሳለ፣ ዳሞት ደመና ለበሰ። ጉርሻውን ሳይውጥ ተነሣ።

ከአቶ ቦልቴ ቤት የደረሰው ዝናቡን በጀርባው እንዳዘለ ነው። በደጅ በኩል ገባና ከበሩ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ አቆማት። አያቴ ዝናብ የሚከልለውን ገሳቸውን ደርበው ወጡ፤ መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ቀርከሃውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"ሳሮ። ዛሬ ዓይኑ ድናለች?"

"ድናለች፣ አባባ። ይግቡ።"

ገቡ። አባቴ እጀታዋን አሳያቸው። አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አደረጓትና መስታወቱ ሲጠራ አዩ። ከዚያ በኋላ አባቴ እጁን ሲሰድ "ተው፣ አንተ ንዳ! ይሄ የኔ ሥራ ነው" ብለው መለሱት። መንገዱ ላይ የሚያዩትን ሁሉ እየጠሩ ሄዱ። "ፍየል! አየሁ። ጉድጓድ! በግራ ነው፤ አየህ? የጎረቤቴ ላም! ይሄ ላም ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናት!" ከት ብለው ይስቃሉ። አባቴ በልቡ "አለቀ፣ ሰጡኝ" አለ።

መንደሩ አልቆ የሶዶው መንገድ ወለል ብሎ ሲዘረጋ ግን አያቴ ፍየሉንም ላሙንም መጥራት ተዉ። እጃቸው እጀታዋ ላይ ቀረ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ "ቁም" አሉ።

ቆመ። አያቴ ወረዱና በዝናቡ ውስጥ ወደ ፊት ተራመዱ። ድንጋይ ቢወረወር የማያገኛቸው ያህል ርቀው፣ ዞረው፣ መንገዱ መሐል ቆሙ። ገሳቸው ከራሳቸው ላይ ወድቋል፤ ዝናቡ ፊታቸውን ይመታቸዋል።

"እሸቴ!" ብለው ጮኹ። "ምን አደርጋለሁ?"

አባቴ አልገባውም። ራሱን በመስኮት ሊያወጣ ሲል "አታውጣ! በመስታወቱ እይ!" አሉ።

እጀታዋን ያዘ። አመላለሰ። ውሃው ወረደ፣ እንደገና መጣ፣ እንደገና ወረደ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። "ቆመዋል" ልበል? "እየበሰበሱ ነው" ልበል? አሳየሽ በዚህች በአንዲት መልስ ላይ እንዳለች ያውቃል። እንደገና ጠረገና አተኩሮ ፊታቸውን አየ። የሚነቀነቀውን ትከሻቸውን አየ። ያኔ ከዚህ ሁሉ ዝናብ መሐል ዝናብ ያልሆነው ነገር ታየው።

"እያለቀሱ ነው፣ አባባ!" ብሎ ጮኸ።

አያቴ የወደቀውን ገሳቸውን ሰበሰቡ። ተመልሰው መጥተው ገቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

"ዝናብ ነው ብትለኝ አልሰጥህም ነበር" አሉ። "ሴት ልጄ እሷ ብቻ ናት። እንደ እኔ ነው፤ ሲከፋት አይናገርም። ደጅ ወጥቶ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ታለቅሳለች፤ ሰው እንዳያይባት። አንተ ግን እይ። ሁልጊዜ እይ። ከዚህ ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም።"

አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። መኪናዋን አዙሮ ወደ ቤት መለሳት። አያቴም እጀታዋን እንደገና ያዙ። ዝናቡ መንደሩ ሳይደርሱ ቆመ፤ እሳቸው ግን ደረቁን መስታወት እስከ ደጃቸው ድረስ እየጠረጉ ሄዱ፤ አባቴም ይበቃል አላላቸውም።